ለቆሰሉ ወታደሮቻችን አንድ ሜዳና አንድ መረብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ባሕር ዳር የስፖርት ማዘውተሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ስታዲየሙ ብዙ ተብሏል፤ በውጊያ ቆስለው አካላቸው ስለ ጎደለ ወገኖቻችን ግን አንድም መስመር አላየሁበትም። በዚሁ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ለ11 ዓመታት ስሠራ የታዘብሁትን ልጨምርበት ወደድሁ።

በእኛ ዘንድ ሕክምናው አበቃ የሚባለው ሰው ሠራሽ እግር በተገጠመ ዕለት ነው። ከጉልበቱ በላይ እግሩን ያጣ አንድ ወጣት ወታደር አስታውሳለሁ፤ በክራንች ገብቶ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲወጣ እናቱ እልል እያሉ ነበር የወሰዱት። ከሰባት ወር በኋላ እግሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለ ከረመ የዳሌው መገጣጠሚያ እንደ ታጠፈ ደርቋል፤ የቀረው የእግሩ ክፍልም ከስቶ በሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ (የተቆረጠው እግር በሚገባበት ክፍል) ውስጥ ይዋልላል። (መክሳቱስ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠበቅ ነው፤ ክትትል ካለ ማቀፊያው ይስተካከላል።) ለምን እንዳልተራመደበት ስጠይቀው «ወዴት ልሂድበት?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስፖርት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሚሆን ከታወቀ ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው ተመትቶ ተስፋ የተቆረጠባቸውን ወታደሮች በስፖርት ያክሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለትም 16 ጉዳተኞችን በቀስት ዒላማ አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻው ይህ ነው። ቀስት መሳብ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ራሱን ለሚያሸጋግር ሰው ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ነገር የለም። ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ለሚመስለው የክብር ዘበኛው መኮንን አበበ ቢቂላ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላ የታከመው በዚያው ሆስፒታል ሲሆን፣ በ1970 እዚያው በቀስት ተወዳደረ፤ በተከታዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ይህን ግን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

ይህን ሐሳብ በማነሳበት ጊዜ ብዙዎች የዊልቸር ቅርጫት ኳስን ይጠቅሱልኛል። ጨዋታው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለውድድር ተብሎ የሚሠራ ልዩ ወንበር ስለሚፈልግ እሱን ስንጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። ጣና እያለልን የሚሉም አሉ፤ ብልሃርዚያ ባለበት ውሃ ታካሚ ለማዋኘት እኔ አልደፍርም፣ ጉማሬውን ሳልቆጥር። የእኔ ምርጫ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት መረብ ኳስ ነው። ሜዳው 10 ሜትር በ6 ሜትር ብቻ ነው፤ መረቡ ለወንዶች 1 ሜትር ከ15፣ ለሴቶች 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ይሰቀላል። ተጫዋቹ ኳስ ሲነካ ከመሬት መነሳት ስለማይፈቀድለት ሰው ሠራሹ እግር ወልቆ ዳር ይቀመጣል፤ ሁለት እግር ያለው ወንድም ወይም ጎረቤት አብሮ ቢገባም እግሩ ብዙ አያተርፍለትም፤ እንዲያውም በእጅ እየገፉ መንሸራተትን ያልለመደ በመሆኑ መጀመሪያ የሚደክመው እሱ ነው። እርግጥ ከጨዋታ በኋላ የተቆረጠው ቦታ ቆዳ እንዳይላጥ መታየት አለበት፤ የሌሊት ቅዠት ያለበትም ሰው ኳስ ብቻውን አይፈውሰውም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። አቅም የለም እንዳይባል ጥያቄዬን አሳንሼዋለሁ፦ ደረጃ የሌለበትና ለስላሳ ወለል ያለው አንድ አዳራሽ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ለተጫዋቾቹም የባጃጅ ሒሳብ። መረቡንና ኳሱን እኔና ባልደረቦቼ እንገዛለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሥራ የለንም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር