ሳንቆጠር ለምንቀነሰው፡ ግልጽ ደብዳቤ ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

ወደ ጉዳዩ ቶሎ ልግባ፣ የእርስዎ ጊዜ ውድ ነው፣ የኔ ውል ደግሞ አጭር። የኮንትራት ሰራተኛ ነኝ፣ በየ6 ወሩ እየታደሰልኝ 4 ዓመት አለፈኝ፣ አሁን 9ኛው ውል ላይ ነኝ። ውሌ ሊያልቅ ሲል ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ሲስተሙ «የመለያዎ አገልግሎት በ14 ቀን ውስጥ ያበቃል» ይለኛል፣ በማግስቱ 13፣ ከዛ 12። ቋሚዎቹ ይሄን መልእክት አይተውት ስለማያውቁ አንዷ ጓደኛዬ ስታየው ቫይረስ መስሏት «አትንኪው!» ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንደውም ቆጥሮ ቆጥሮ 2 ላይ ሲደርስ ነው ማራዘሚያው የተፈረመልኝ፣ ያውም አለቃዬ ረስቶት እንጂ ሌላ ምክንያት ኖሮ አይደለም።

ባለፈው ዓመት መስሪያ ቤታችን ሰው ቀነሰ። የዛን ቀን ቋሚ ሰራተኛ በሙሉ አዳራሽ ተጠራ፣ እኛን ግን «እናንተን አይመለከትም፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይቅር» አሉን፣ እና 5 ሆነን ባዶ ፎቅ ላይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሮጥን የሰው ስልክ ስናነሳ ቆየን። ሲመለሱ ግማሾቹ ዓይናቸው ቀልቷል፣ አንዱ እቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ «እናንተ ታድላችሁ፣ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የለም» አለኝ፣ እኔም ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም። ግን ከዛ በኋላ ባሉት 3 ወራት ከ5ታችን የ3ቱ ውል ሳይታደስ ቀረ፣ ማንም «ተቀነሱ» አላለም፣ «ኮንትራታቸው አለቀ» ነው የተባለው፣ ስብሰባ የለ፣ ካሳ የለ፣ አንዷማ ነገሩን ያወቀችው ሰኞ ጠዋት ፓስወርዷ እምቢ ሲላት ነው።

ይሄ የኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2022 ህዳር ላይ ትዊተር ግማሽ ያህል ሰራተኛውን ቀንሶ ዓለም ሁሉ ሲያወራለት ሳምንት አለፍ ሲል ብዙ ሺህ የኮንትራት ሰራተኞችም መሄዳቸው ተዘግቦ ነበር፣ ብዙዎቹ ነገሩ የገባቸው ኢሜይላቸው አልከፍት ሲላቸው ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ሁለተኛውን ስንቱ ሰምቶት ይሆን?

ክቡር ሚኒስትር፣ የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 1982 ያወጣውን 158ኛ ስምምነት ከኔ በላይ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። አሠሪ በኢኮኖሚ ምክንያት ሰው ሊያሰናብት ሲያስብ ምክንያቱን፣ የሚነካውን ሰው ብዛትና ጊዜውን ለሚመለከተው የመንግስት አካል ቀድሞ ያሳውቅ ይላል። ያው ስምምነት አገሮች የተወሰነ ጊዜ ውል ያላቸውን ሰራተኞች ከዚህ ማስቀረት ይችላሉ ብሎ ይፈቅድና፣ ወዲያው ደግሞ ጥበቃውን ለማምለጥ ተብሎ በአጫጭር ውል እንዳይቀጠር በቂ መከላከያ ይኑር ይላል። በሩን ከፍቶ ዘበኛ አቁሙበት እንደማለት ነው፣ እኔ እስካየሁት በሩ ተከፍቷል ዘበኛው ግን የለም።

አሁን ሰው «ስትፈርሚ ቀኑን አላየሽም ወይ» ይለኛል። አይቻለሁ። ችግሩ ቀኑ አይደለም፣ የእውነት የሚያልቅበት ቀን ቢሆንማ ሰው አስቦበት ሌላ ሥራ ይፈልጋል። 8 ጊዜ «አይዞሽ ይታደሳል» የተባለ ቀን ግን ቀን አይደለም፣ በየ6 ወሩ ፊት ማንበብ ነው፣ አለቃዬ ዛሬ ሰላምታው ለምን ቀዘቀዘ፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ፕላን ላይ ስሜ ለምን የለም። በፈረንጆቹ 1984 ስለ ሥራ ዋስትና ማጣት የጻፉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን የተረጎሙት፣ ሥራህ አደጋ ላይ ሆኖ እንዲቀጥል ምንም ማድረግ እንደማትችል ሲሰማህ ብለው ነው። እኔ ሳነበው የገረመኝ ከፍርሃቱ ይልቅ አቅም ማጣቱን ማስቀደማቸው ነው፣ በትክክል እሱ ነው።

ከቅነሳው በኋላ የሁለት ተሰናባቾች ሥራ እኔ ላይ መጣ። አልከበደኝም አልልም፣ ግን እምቢ ማለት ለሚቀጥለው እድሳት አይጠቅምም። ትኩሳት ይዞኝ ቢሮ የገባሁበት ቀን አለ፣ የህመም ፈቃድ አለኝ እኮ፣ ወረቀት ላይ አለኝ። ሪፖርት ላይ ስህተት አይቼም ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ፣ ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። አንድ ቀን ደግሞ «ሥራሽን ደረጃ በደረጃ ጽፈሽ አስቀምጪልን» ተባልኩ፣ ለፋይል ይሁን ለሚተካኝ ሰው አላውቅም፣ ጥሩ አድርጌ ብጽፈው ልሄድ ነው፣ ባላሳምረው ደግሞ «አትችልም» ልባል ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ተቀመጥኩ።

እባክዎ «ከዚህን ያህል ዓመት በላይ በኮንትራት ማሠራት አይቻልም» የሚል አንድ አንቀጽ ብቻ አውጥተው አይለፉን። ደቡብ ኮሪያ 2 ዓመት ብላ ወሰነች፣ ጃፓን ደግሞ ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ ውሉ እየታደሰ 5 ዓመት ላለፈው ሰው ማብቂያ ወደሌለው ውል የመቀየር መብት ሰጠች፣ ሁለቱም ጋር ግን ገደቡ ሊሞላ ሲል ሰው የሚያሰናብት አሠሪ አልጠፋም። ገደቡ ይኑር፣ ለብቻው ከሆነ ግን እኛን በጊዜ የሚያስወጣ መቁጠሪያ ይሆናል።

እኔ የምለምነው ከዛ ያነሰ ነገር ነው። አሠሪው ውሌን የማያድስ ከሆነ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት በጽሁፍ ይንገረኝ፣ ካልነገረኝ በዛው ውል እንደቀጠለ ይቆጠር። ደጋግሞ የታደሰለት ሰው ሲሰናበት ዓመቶቹ ተደምረው ካሳው ይታሰብለት፣ በየ6 ወሩ ከዜሮ አይጀመር። ሌላው፣ መስሪያ ቤቶች ስለ ቅነሳ ለእናንተ የሚሞሉት ፎርም ላይ አንድ አምድ ጨምሩልን፣ «በዚህ ጊዜ ያልታደሱ ውሎች ብዛት» የሚል። እሱን ለመጨመር አዲስ አዋጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፣ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ። የኛ መስሪያ ቤት ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ 3 ብሎ ይሞላ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኮንትራት ሰራተኛ
(ስሜን ያልጻፍኩት እድሳቴ ገና ስላልተፈረመ ነው)