ጤነኛውን እግር ከማሳጠር በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጅማና በአካባቢዋ አንድ እግራቸው ከሌላው አጥሮ የሚያነክሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የጭን አጥንታችን ተሰብሮ፣ ስብራቱ ተደራርቦ የገጠመብን ነን። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ስሆን፣ ቀኝ እግሬ ከግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ያጠረ በመሆኑ ረጅሙን እግር በቀዶ ሕክምና ለማሳጠር እያሰብኩ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ሐኪም የምንመርጥበት መንገድ መታረም አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

እስካሁን የኖርኩት በጫማ ነው። ጫማ ውስጥ የሚገባ ማስተካከያ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ተረከዝ ከጫማው ስለሚወጣ፣ የቀረው ከሶሉ ሥር መጨመር አለበት። መርካቶ ያለው ጫማ ሰሪ ደንበኛዬ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ ዙሪያውን በወስፌ ከሰፋ በኋላ «ጋሼ፣ እስቲ ይቁሙበት» ይለኝና ቀበቶዬ መዝመም አለመዝመሙን ጎንበስ ብሎ ያያል። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ ልዩነታቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያለፈ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። እኔን ግን የጫማው ክብደት ያደክመኛል፣ በክረምት ጭቃ ላይም ቁርጭምጭሚቴን ያዞረኛል።

እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ «ደህናውን እግር አስቆርጠህ ምን ልታተርፍ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱም አለ። አጭሩን ማስረዘም ይቻላል፤ የሶቪየቱ ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኩርጋን በምትባል ከተማ ባዳበረው ዘዴ አጥንቱ ተቆርጦ፣ ቆዳን አልፈው በሚገቡ ብረቶች ከእግሩ ውጭ ከሚታሰር የብረት ቀለበት ጋር ተያይዞ በቀን በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎተታል። ነገር ግን 4 ሴንቲ ሜትር ለመጎተት ብቻ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ደግሞ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጋሉ፤ ብረቶቹ ቆዳን በሚያልፉበት ቦታ ማመርቀዝ የተለመደ ነው፤ ክትትሉም ተደጋጋሚ ነው። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ክትትሉ እዚያ ከሆነ ይህ ለደመወዝተኛ ሰው ቀላል አይደለም። ማሳጠር ግን በአንድ ቀዶ ሕክምና ያልቃል፤ ጠባሳ የሌለበት ጤናማ አጥንትም በተሻለ ሁኔታ ይገጥማል።

ይህ ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከጭን አጥንት ላይ የተለካ ቁራጭ ወጥቶ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ፤ ከዚያም መቅኔው ውስጥ ብረት ገብቶ ከላይና ከታች በብሎን ይያዛል። አጥንቱ ሲያጥር ጡንቻው እንደነበረ ስለሚቀር ይላላል፤ ጉልበትን የሚዘረጋው የጭን ጡንቻ ለወራት ይደክማል፤ ያለ ፊዚዮቴራፒም በወጉ አይመለስም። ከጭን ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ ከጉልበት በታች ደግሞ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ ማንሳት እንደማይመከር የሚታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አጥንቱ አልገጥም ሊል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ደም ረግቶ ወይም የመቅኔ ስብ ተነስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ቶሎ እንደማይገጥምለትም ማወቅ አለበት። (ለመምህር ሌላም ጣጣ አለ፤ ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ላይ ነው፣ የጅማ ክረምት ደግሞ ለክራንች አይሆንም።)

ወደ ሐኪም ምርጫ ልምጣ። በእኛ ዘንድ ሐኪም የሚመረጠው በዝና ነው፤ «እከሌ እጁ ይቀናዋል» ከተባለ ሌላ አይጠየቅም። አሁን ደግሞ ወኪሎች ተጨምረዋል። ለውጭ አገር ሆስፒታል ታካሚ የሚመለምል አንድ ሰው የጭኔን ራጅ ፎቶ በቴሌግራም ብልክለት፣ 4 ሴንቲ ሜትር እንደሚነሳልኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ በዚያው ምሽት ጻፈልኝ። ዳሌዬንም፣ ጀርባዬንም፣ አረማመዴንም ያየ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሚያሳስበው እግር ያጠረ የሚመስለው ሁልጊዜ አጥንቱ አጥሮ ስላልሆነ ነው። የጀርባ አጥንት መጣመም፣ የዳሌ መገጣጠሚያ መድረቅ ወይም የጉልበት አለመዘርጋት እኩል ከሆኑት እግሮች አንዱን አጭር ሊያስመስለው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው አጥንት መቁረጥ በችግሩ ላይ ችግር መጨመር ነው። ስብራቱ ጎብጦ ወይም ዞሮ የገጠመ ከሆነም መታረም ያለበት እሱ ራሱ እንጂ ደህናው እግር ላይሆን ይችላል። በኋላ ያየኝ የአጥንት ሐኪም በባዶ እግሬ አቁሞኝ፣ ከአጭሩ እግሬ ሥር ልካቸው የታወቀ ጣውላዎችን አንድ በአንድ እየደረበ፣ እጆቹን በዳሌዬ ግራና ቀኝ አሳርፎ እኩልነቱን ሲፈትሽ ቆየ። በ4 ሴንቲ ሜትር ላይ ተንጋደድኩ፤ በ3 ላይ ግን ተደላደልኩ። ስለዚህ ቆሜ የምነሳው፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በአንድነት የሚያሳይ ራጅ ካዘዘልኝ በኋላ፣ ቢሠራልኝ እንኳ ከ3 እንደማያሳልፍ ነገረኝ። ወኪሉ ሊያስነሳልኝ የነበረው 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተመልሶ የሚተከል አልነበረም።

እኔ አሁን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ሐኪምን የሚዳፈሩ መስለው ይታዩኝ ነበር፤ ጥሩ ሐኪም ግን እንደማይከፋበት አይቻለሁ። የተሰበረ ጭን በብረት ያያያዘ ሁሉ ጤነኛ አጥንት አሳጥሯል ማለት አይደለምና፣ ይህንኑ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሠራና ካልተሳካው ምን እንደተማረ መጠየቅ ይገባል። እግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ እንዳይገጥም አጥንቱን ከመቁረጡ በፊት አቅጣጫውን በምን ምልክት እንደሚይዝ፣ ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ሲ-አርም (ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ) ስለመኖሩ፣ አጥንቱ አልገጥም ቢል ማን እንደሚያክመኝ መስማት እፈልጋለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ውጭ አገር ለሚታከም ሰው ይበልጥ ይከብዳል፤ ብረቱን ያስገባው ሐኪም ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሳለ ታካሚው ችግሩን ይዞ እዚሁ ይቀራልና።

ቁመታቸው በዝቶ ስላስጨነቃቸው ብቻ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ማሳጠር የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። ጭንቀታቸውን አልንቅም፤ ሆኖም ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲባል በሁለት ጤነኛ ጭኖች ላይ ከላይ የዘረዘርኩትን አደጋ መውሰድ አይመዛዘንልኝም፤ ያለ ብዙ ምክክር «እሺ» የሚል ሐኪምንም አላምንም።

ገና በማደግ ላይ ላሉ ልጆች ግን የተሻለ መንገድ አለ። የጭን አጥንት በጉልበት በኩል በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ፣ የረጅሙን እግር የእድገት ክፍል በወቅቱ በትንሽ ቀዶ ሕክምና በማስቆም አጭሩ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል። ሴቶች ልጆች 14፣ ወንዶች 16 ዓመት ገደማ ሲደርሱ እድገቱ ስለሚያበቃ፣ የሚያነክስ ልጅ ያላቸው ወላጆች «ሲያድግ ይስተካከላል» እያሉ መቆየት የለባቸውም።

በመጨረሻም የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የሚታከምበትን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን ጨምሮ፣ የአጥንት ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ታካሚው በስምምነት ፎርሙ ላይ የሚፈርመው አልጋ ከያዘ በኋላ ከሆነ፣ እምቢ ለማለት ቀርቶ ለመጠየቅም ጊዜ አይኖረውም። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚነሳ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ አደጋው ምን እንደሆነና ክትትሉ የት እንደሚሆን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቢሰጠው፣ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ሊመክርበት ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ