አዲሱ ሞዴል መምጣቱ ተደብቆ ስለተሸጠልን የኃላፊ መኪና

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም
ገላን

ለመኪና አስመጪው ድርጅት ሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ገላን ያለው ፋብሪካችን የንብረትና ትራንስፖርት ኃላፊ ሆኜ ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም ለዋና ሥራ አስኪያጃችን ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከእናንተ ገዝተናል። በመኪናው አሠራር ላይ ቅሬታ የለኝም። ድምፅ የለውም፣ ምቹ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ወደውታል። የተከፋሁት ስንገዛ በሰጣችሁን መልስ ነው።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ አዲስ የኃላፊ መኪና ስንፈልግ የምናማርጠው ከኤሌክትሪኮቹ ነው። ድሮ ይህ ሥራ ቀላል ነበር። ፕራዶ 150 እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ እስከ 2023 ዘልቋል። ላንድክሩዘር 200ም ከ2007 እስከ 2021 ድረስ ቆይቷል። መሃል ላይ መብራቱና የፊቱ ግሪል ይነካካል እንጂ መኪናው ያው ነው። ዘንድሮ ገዛህ ከርሞ፣ ብዙ አያሳስብም ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። በሁለት በሦስት ዓመት ባትሪውም ሞተሩም የተሻሻለ አዲስ ሞዴል ይወጣል። ትናንት የገዛኸው ዛሬ አሮጌው ይባላል። ፕሮፎርማ ከመቀበሌ በፊት የጠየቅኳችሁም ለዚሁ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። “የዚህ መኪና አዲስ ሞዴል ሊመጣ ነው? ከሆነ ጥቂት ወር እንታገሣለን” አልኩ። የሽያጭ ባለሙያችሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ “አይመጣም ጋሼ፣ የመጨረሻው ይሄ ነው። የቀሩን ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ካልወሰኑ ነገ አያገኙትም” አለችኝ። አመንኳት። ለሥራ አስኪያጁም የድጋፍ ሐሳብ ጽፌ በፊርማዬ አቀረብኩ። ሲፒኦው በማግሥቱ ተሠራ።

ከግቢያችሁ ስንረከብ ሾፌራችን ቁጢጥ ብሎ የኋላውን ጎማ አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ጎማ ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ይጻፋል። 3523 ይላል። እ.ኤ.አ. የ2023 35ኛ ሳምንት ማለት ነው። አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ፣ ያው ነው። “ጋሼ፣ ይሄ መኪና እኮ ቆሞ ነው የከረመው” አለኝ። ጎማ ከመኪናው ትንሽ ቀድሞ ሊመረት እንደሚችል አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሊቀድም ግን አይችልም። ፕሮፎርማችሁ ላይ “ዜሮ ኪሎ ሜትር” ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመተ ምርቱ የለበትም። ያን አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። ቶዮታ የተሻሻለውን ቢዚ ፎር ኤክስ ለአውሮፓ ገበያ ያስታወቀው መጋቢት 2017 ዓ.ም ነው። እኛ ከመዋዋላችን አራት ወር በፊት ማለት ነው። የእኛ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 71.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የአዲሱ ሞዴል ትልቁ ባትሪ ደግሞ 73.1። የፊት ሞተሩ ከ150 ወደ 165 ኪሎዋት አድጓል። ቻርጅ ከመደረጉ በፊት ባትሪውን የሚያዘጋጅ ሥርዓትም ተጨምሮለታል። በአንድ ቻርጅ እስከ 516 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው እስከ 573 ይሄዳል ተብሏል። ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር መንገድ ላይ እንደሚቀንስ ይገባኛል። ግን ሥራ አስኪያጃችን በወር ሁለት ጊዜ ሐዋሳ ይመላለሳሉ። መሄጃው ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእሳቸው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ አይደለችም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በማሳያ ክፍላችሁ በኩል ሳልፍ አዲሱ መስታወቱ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ገብቼ ዋጋ ጠየቅኩ። እኛ ከከፈልነው ብዙም አይርቅም።

የቆየ መኪና ለምን ሸጣችሁ አላልኩም። የገባ ዕቃ መሸጥ አለበት። ሊቀየር የተቃረበ ሞዴል ግን ዋጋው ተቀንሶ፣ ለገዢውም ተነግሮት ነው የሚሸጠው። እውነቱን ብትነግሩኝና ዋጋውን ብታስተካክሉ ምናልባት ያንኑ መኪና እወስደው ነበር። ወይም እስከ መስከረም እጠብቅ ነበር፤ አሮጌው መኪናችን ገና ይሠራ ነበር። ምርጫው የእኛ መሆን ነበረበት። ድርጅታችን የኃላፊ መኪና አምስት ዓመት ይዞ በጨረታ ይሸጣል። ያኔ ተጫራቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዓመተ ምርቱን ነው፤ ቀጥሎ “አሮጌው ቅርጽ ነው አዲሱ?” ይላል። ኪሳራው ያን ቀን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የድጋፍ ሐሳቡ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ አለቃዬ ፊት እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ስለዚህ መኪናውን ተረክባችሁ፣ ለተነዳበት ያህል ተገቢውን ቀንሳችሁ፣ ልዩነቱን ከፍለን አዲሱን እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ይህ የማይሆን ከሆነ በሁለቱ ሞዴሎች መካከል ሊኖር ይገባ የነበረው የዋጋ ልዩነት ይመለስልን። በሁለቱም መንገድ የዚህ መኪና መለዋወጫ በቀጣዮቹ ዓመታት እንደማይጠፋ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን እንፈልጋለን። የፕሮፎርማውን፣ የውሉንና የጎማዎቹን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የንብረትና ትራንስፖርት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል