መኪናዋ ማታ የት ታድራለች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መኪና የምታወጡትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። ግን ሁሌም ወሬው አንድ ነው። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ስክሪኗ ምን ያህል ይሰፋል፣ ከዜሮ ተነስታ መቶ በስንት ሰከንድ ትገባለች። አራት ኪሎ ላይ መቶ የገባ ሰው ካለ አሳዩኝ። እኔ የቤተሰብ መኪና ፍለጋ ስድስት ወር ተንከራትቼ መጨረሻ ላይ የገባኝ ጥያቄ ሌላ ነው። መኪናዋ ማታ የት ነው የምታድረው? ኤሌክትሪክ ከሆነች ቻርጅ የምታደርገው እዚያው ነውና።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ፣ በድምሩ 5 ነን። ባለቤቴ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ትንሿ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋል ላይ ነበር። ቆንጆ ናት፣ የትም ትገባለች፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ይሻላል። ግን የ4 ሰው መኪና ናት፣ ከኋላ ያላት ቀበቶ ሁለት ብቻ ነው። ሻጩ "ችግር የለም፣ ልጆች አይደሉ፣ ጠጋ ጠጋ ይላሉ" አለኝ። ትልቁ ልጄ በቁመት እኔን አልፎኛል። ደግሞ እኔ የፈለግኩት ከኋላ ለብቻው የሚዘጋ ዕቃ መጫኛ ያለው አውቶሞቢል ነው። ይህን የምለው ለፋሲካ በግ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ያ የሌላት መኪና ውስጥ በጉ አንገቱን አስግጎ ከልጆቹ ጋር እየተያየ ነው ቤት የሚገባው።

ስለዚህ ምርጫዬ ወደ ሁለት ጠበበ። አንዷ ቢዋይዲ ቺን ፕላስ፣ ኤሌክትሪኳ። ሌላዋ የፈረንጆቹ 2006 ሞዴል ኮሮላ። በነገራችን ላይ ውጭ አገር ኮሮላ ከትንንሾቹ ተርታ ነው የሚመደበው፣ እኛ ጋ ግን የቤተሰብ መኪና ሲባል ፊት የሚመጣው እሱ ነው።

አማቴን ይዣቸው ሄድኩ። ከኋላ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸውና የእሳቸው ቃል ከሻጩ ቃል ይበልጥብኛል። ቺን ፕላስ ውስጥ ገቡ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን አዩት። "ቦታውስ ሰፊ ነው፣ ግን ጉልበቴ ምነው ወደ ላይ መጣ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ስር ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ጭን ወንበሩ ላይ በደንብ አያርፍም። ኮሮላው ውስጥ ደግሞ እግራቸው ደህና አረፈ፣ ግን ጉልበታቸው የፊቱን ወንበር ሊነካ ምንም አልቀረው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ኮሮላው 2.6 ሜትር ነው፣ ቺኗ ወደ 2.72 ትጠጋለች። 12 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሴት ግን ብዙ ነው።

ሲነዳማ ቺኗ በብዙ ትበልጣለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተጨማሪ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል እዚህ ያጣል። 5 ሰው ጭናችሁ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ፣ ማርሽ ስትቀንሱ ታውቁታላችሁ። ኤሌክትሪኳ አየር አትስብ፣ ዳገቱን ዝም ብላ ነው የምትወጣው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተወሰነውን መልሳ ትሞላለች።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ።

አነስተኛ ባትሪ ያላት ቺን 48 ኪሎ ዋት ሰዓት ትይዛለች፣ ፋብሪካው 420 ኪሎ ሜትር ይላል። ይህ በቻይና አለካክ ነው፣ በእኛ ዳገት ያን ያህል አትጠብቁ። ግን ግማሹስ ቢሆን? እኔ ልጆች አድርሼ ሜክሲኮ ሥራ ገብቼ ስመለስ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብነዳ ነው። ተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ያህል ቢሰጥ በ10 ሰዓት 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላል፣ ይህ ለእኔ ብዙ ቀን ይበቃኛል። ፈጣን ቻርጀር አላማረኝም። የምፈልገው አንድ ሶኬት ነው።

እሷን አንድ ሶኬት ነው ያጣኋት። ከ3ኛ ፎቅ በረንዳ እስከ መኪና ማቆሚያው በልብስ መስጫ ገመድ ለካሁት። የኤሌክትሪክ ገመዱ የታችኛውን ጎረቤት መስኮት አልፎ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ቦታ አቋርጦ ነው የሚደርሰው። እሱም ክረምት በዝናብ! ተውኩት። ከታች ካለው የጋራ መስመር ልቀጥል ብዬ የሕንፃውን ኮሚቴ ጠየቅኩ። ሦስት ስብሰባ ተቀመጥን። ጥያቄያቸው አንዲት ናት፣ "በማን ቆጣሪ?" በራሴ ወጪ ለብቻው የሚቆጥር ላስገባ አልኩ፣ "ነገ ሌላውም ሲጠይቅ መስመሩ ይችላል ወይ?" አሉ። ተናደድኩ፣ ግን ጥያቄው ስህተት ነው ማለት አልችልም። መልስ የሚሰጥ ሰው ነው የጠፋው። ውጭ ቻርጅ አድርግ የሚሉኝ አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ቅዳሜን ወረፋ ይዞ መኪና ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያሳልፋት።

እናም ኮሮላ ገዛሁ። እሱም ቀላል አልነበረም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ እዚሁ ያሉት ናቸው ከእጅ እጅ የሚዞሩት፣ ያረጃሉ እንጂ ዋጋቸው አይወርድም። የመጀመሪያዋን ያሳየኝ ደላላ "ጋሼ፣ ይዞታዋ የሴት ነው፣ ከቤት ቢሮ ብቻ ነው" አለኝ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ነው፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ግን ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ይዤው የሄድኩት መካኒክ የሞተር ዘይት ክዳኑን ከፍቶ ገልብጦ አሳየኝ። ከስሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፏል። "ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ እንሂድ" አለኝ። ደላላው ከኋላችን እየተጣራ ዋጋ ይቀንስ ጀመር። የገዛኋት አራተኛዋን ነው። ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አስተያይቼ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣርቼ። መለዋወጫ ቢያስፈልገኝ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አለልኝ።

የባለቤቴ ወንድም ግን ጊቢ ያለው ቤት ነው የሚኖረው፣ የራሱ ቆጣሪ አለው። እሱ ቺኗን ገዛ፣ ማታ ይሰካታል፣ ጠዋት ይነቅላታል፣ ቤንዚን ማደያ ሰልፍ ላይ ሲያየኝ እጁን እያወዛወዘ ያልፋል። መብራት የጠፋ ዕለት እኔም እደውልለታለሁ።

አዘጋጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ መኪና መሸጫ ሄዳችሁ ፎቶ አታንሱ። አንድ ጋዜጠኛ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ላኩ፣ ከዚያም መብራት ኃይልን፣ የቤቶች መሥሪያ ቤቱንና የሕንፃ ኮሚቴዎችን ሶኬቷ በማን ቆጣሪ እንደምትገባ ጠይቁልን። እኔ ማስታወሻ ስይዝ የቆየሁበት ደብተር አለኝ፣ ከፈለጋችሁ እሰጣችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ