የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የሌለው ራዲያተር ስለመገጠሙ የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ የ2004 ሱባሩ ፎረስተር የራዲያተር ቅያሪ

ጤና ይስጥልኝ፤

ባለፈው ወር እናንተ ዘንድ ራዲያተሩ የተቀየረው ፎረስተር አውቶማቲክ ነው። የተገጠመለት ራዲያተር ግን የማንዋል ነው። ከላይ ሲያዩት ልዩነት የለውም፤ መኪናው ተነሥቶ ከሥር ሲታይ ነው ነገሩ የሚወጣው። የአውቶማቲኩ ራዲያተር በታችኛው ታንክ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ አለው፤ የዘይቱ መግቢያና መውጫ ሁለት አፎችም ከሥሩ ብቅ ይላሉ። አሁን ባለው ላይ አፎቹ የሉም። ከካምቢዮው የሚመጡት ሁለት መስመሮች በአንዲት አጭር የጎማ ቱቦ እርስ በርስ ተቀጥለዋል። ደረሰኙ «ራዲያተር ተቀየረ» ከማለት በቀር ስለዚህ ቅጥያ የሚለው ነገር የለም።

ዘይት ስለማይፈስና መኪናው ስለሚሄድ ጉድለቱ ወዲያው አይታወቅም። ዘይቱ ከካምቢዮው ወጥቶ እንደ ትኩስነቱ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ብቻ ከተነዳ ሳምንታት ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ አይዘንሃወር ዋሻ በሚወጣው ዳገት ላይ ግን ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል) ሳይቆልፍ ለረጅም ጊዜ ስለሚሠራ፣ የሚፈጥረው ሙቀት መሄጃ ያጣል። «ኤቲ ኦይል ቴምፕ» የሚለው የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት ዳገቱ ላይ የበራው ለዚህ ነው። በስልክ የተሰጠኝ «ሴንሰሩ ነው» የሚል መልስ አያስኬድም፤ ካምቢዮው የብልሽት ኮድ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ያው መብራት 16 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አላለም።

መኪናው ኦል ዊል ድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) ባይሆን ጉዳቱ ካምቢዮው ላይ ባበቃ ነበር። በዚህ ሞዴል ግን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ባለ ብዙ ሳህን ክላች የተቀመጠው እዚያው ካምቢዮው ጭራ ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም በዚያው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲቃጠል የሳህኖቹ አያያዝና አለቃቀቅ ይዛባል። አሁን መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ በዝግታ ሲዞር፣ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ሁሉ ይንገጫገጫል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው «ኤፍ ደብሊው ዲ» (በፊት ጎማ ብቻ መንዳት) በሚለው ባዶ ቦታ ፊውዝ ሲሰካበት ክላቹ ስለሚለቅ መንገጫገጩ ይጠፋል፤ ማለትም ሳህኖቹ ገና ተጣብቀው አልቀሩም፣ በጊዜ ከተደረሰ የመዳን ዕድል አላቸው። ጎማ ነው እንዳይባል፣ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የዙሪያቸው ልዩነትም ተለክቶ ከ6 ሚሊሜትር በታች ነው።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን መቀጠያዋ ቱቦ ናት። ላይዋ ላይ እንደተጻፈው የማሞቂያ ውሃ ቱቦ ነች። ለውሃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ከማሰሪያዋ ያመለጠች ዕለት መስመሩ ግፊት ስላለው ካምቢዮው መንገድ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይት አልባ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ቆሟል፤ ወደ እናንተ የሚመጣውም ተጭኖ ነው፣ ወጪውም የእናንተ ነው።

ራዲያተሩን ብቻ ቀይሮ መመለስ አይበቃም። ማቀዝቀዣ ያለው የአውቶማቲክ ራዲያተር፣ ለካምቢዮ ዘይት የተሠሩ ሁለት አዲስ ቱቦዎችና አዲስ ማሰሪያዎች ይገጠሙ። ከፊት በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ብቻ እንጨምር የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም፤ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፉ በኮሎራዶ ክረምት ዘይቱን ለማሞቅም ይጠቅማል። መጨመር ከተፈለገ ከራዲያተሩ ቀጥሎ ይግባ።

ዘይቱ በጠቅላላው ከ9 ሊትር በላይ ነው፤ በአንድ ፍሳሽ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አምራቹ በፈቀደው ዘይት ሦስት ጊዜ ይቀየር፣ በየመሃሉም መኪናው ይነዳ፤ ያኔ የሚቀረው አሮጌ ዘይት አንድ ስምንተኛ ገደማ ይሆናል። በግራ በኩል ከፊት ያለው የካምቢዮ ዘይት ፊልትሮም አብሮ ይቀየር። ዘይቱ የሚለካው ሞቆ፣ ማርሹ በየቦታው ካለፈ በኋላ «ፒ» ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። በቀኝ ያለው መለኪያ የፊት ዲፈረንሻል (ኃይልን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው፤ የራሱ የተለየ ዘይት ስላለው መካኒኩ እንዳያምታታው አደራ። የራዲያተሩ ውሃ ሲሞላ ደግሞ አየሩ ከራዲያተሩ ራስ ላይ ባለችው ቡሎን ይውጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠባብ ዙር ላይ መንገጫገጩ ካልለቀቀ፣ የኋላው ክላችና ሶሌኖይዱ (ክላቹን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ቫልቭ) በእናንተ ወጪ ይፈተሹ፣ ይቀየሩ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለካውንቲው የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት አቀርባለሁ። የሥሩን ክፍል የሚያሳዩ ፎቶዎችና የደረሰኙ ቅጂ ተያይዘዋል። መቀጠያዋ ቱቦ ስትወጣ እንዳትጣል፤ ከመኪናው ጋር ትመለስልኝ።

የመኪናው ባለቤት