የአበባና አትክልት ክበብ፦ አንቱሪየም በደሴ ብርድ

የክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ አንቱሪየም የተባለውን የጌጥ ተክል ደሴ ላይ ማለምለም ነበር። ተክሉ የኮሎምቢያና የኢኳዶር ዝናባማ ደን ተወላጅ ነው፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩ አየር እያገኘ ይኖራል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ከ10 በታች ቅጠሉ ይጎዳል። ቤት ውስጥ የገባውን ተክል ግን ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው ከኅዳር እስከ ጥር የሚበዛበት ውሃ ነው።

ስለዚህ የጀመርነው ከአፈሩ ነው። መረሬ አፈር ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ስለሚያፍን አይሆንም። ሁለት እጅ የተሰባበረ ከሰል፣ ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ተደባለቀ። ከሰሉና ቀይ አሹ ቀድመው መታጠብ አለባቸው፤ አለዚያ ደቃቁ ታች ወርዶ ተክሉ ያለበትን ጀሪካን የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይደፍናል።

ውሃ የሚጠጣው ጠዋት፣ ጣት ገባ ሲደረግ ድብልቁ ደርቆ ሲገኝ ብቻ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ሥሩ በስብሷል፤ ተክሉን አውጥቶ ቡናማውንና ልፍስፍሱን ቆርጦ በአዲስ ድብልቅ መትከል ነው። የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ አየሩ ደርቋል። ቀጥታ ፀሐይ ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ያቃጥለዋልም። የጎደሬ ዘመድ ስለሆነ ፈሳሹ ቆዳና አፍ ያሳክካል፤ ጓንት ግዴታ ነው።

የክበባችንን ተማሪዎች ይበልጥ የሳበው የካቲት ላይ የተሠራው ማዳቀል ነው። አበባ የምንለው ቀይ ነገር ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች መሐል ባለው ዘንግ ላይ ተደርድረዋል። በማጉያ መነጽር ሲታዩ መጀመሪያ የምታጣብቅ ጠብታ ያወጣሉ፤ ይህ የሴቴነታቸው ጊዜ ነው። የወንዴው ዱቄት የሚመጣው ጠብታው ከደረቀ በኋላ በመሆኑ አንድ አበባ ራሱን አያዳቅልም። ዱቄቱ በለስላሳ ብሩሽ ከአንዱ ተክል ተነሥቶ ሌላው ጠብታ ላይ ተቀባ።

ፍሬው ለመብሰል ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ እስካሁን አረንጓዴ ነው። በክረምት ተክሉን የሚጠብቁት የክበቡ አባላት ፍሬው ቀልቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ከዘንጉ ሲወጣ ልጣጩን አውጥተው፣ ዘሩን አጥበው፣ በዚያው ቀን በእርጥብ ድብልቅ ላይ ሳይቀብሩ ይዝሩት። ከደረቀ አይበቅልም።