«የሻሎት እመቤት» በግጥምና በሥዕል

የተከበራችሁ የንባብ ክበባችን አባላት፣

የእንግሊዛዊውን ባለቅኔ የአልፍሬድ ቴኒሰንን «የሻሎት እመቤት» የተሰኘ ግጥም ስታነቡ የሠዓሊውን የጆን ዊልያም ዋተርሃውስን ሥዕሎች አብራችሁ እንድትመለከቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግጥሙ ዓለምን በመስተዋት ብቻ እያየች ስትሸምን የኖረች፣ የንጉሥ አርተርን ባላባት ላንስሎትን በዓይኗ ለማየት ወደ መስኮቱ በሄደች ጊዜ ግን እርግማን የወረደባት ሴት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተሣለውና በለንደኑ የሥዕል ሙዚየም በቴት ብሪትን የሚገኘው ሥዕል ከእርግማኑ በኋላ የተሳፈረችበትን ጀልባ ሰንሰለት ልትለቅ ስትል ያሳያታል፤ የሸመነችው ጨርቅ ወደ ውኃው ተንጠልጥሏል፣ ከሦስቱ ሻማዎችም ሁለቱ ጠፍተዋል። ሻማዎቹ በግጥሙ ውስጥ የሉም፤ ሆኖም የሞቷን መቃረብ እጅግ አጉልተው ይናገራሉ። በ1894ቱ ሥዕል ደግሞ ክር ጉልበቷን ተብትቦት፣ መስተዋቱም ከኋላዋ ተሰንጥቆ በቀጥታ ወደ እኛ ስለምትመለከት፣ ራሳችንን በላንስሎት ቦታ ቆመን እናገኘዋለን፤ እኔም አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። እባካችሁ የግጥሙን ሦስተኛ ክፍል ይህን ሥዕል ፊት ለፊት አድርጋችሁ አንብቡት።